ተረቴን መልሱ፦ በቤት ውስጥ ተረት የልጁ ድርሻ

የአማርኛ ተረት ያለ ተቀባይ አይጀመርም። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ይቀበላል። ሲያበቃም ተራኪው ተረቱን እንዲመልሱለት፣ አፉንም በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቃል። ይህን መዝጊያ ብዙዎቻችን የጨዋታ ማሳረጊያ አድርገን እናልፈዋለን። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን ቃሉ እንዳለ ይወሰድ የሚል ነው፤ ተረት ለልጅ የሚሰጥ ምክር ሳይሆን ልጁ የሚመልሰው ብድር ነው።

ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ስሙን ያገኘበትን የተራራውን እሳት ተረት እንመልከት። ጌታ ከአገልጋዩ ጋር ይወራረዳል፤ አገልጋዩ ራቁቱን በውርጭ ተራራ ላይ ካደረ መሬት ያገኛል። አገልጋዩ በማዶ የሚነድ እሳት እያየ ያነጋል። ጌታውም «እሳቱን ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። ኋላ አንድ ባለጸጋ ጌታውና ዳኛውም የተጠሩበት ድግስ ደግሶ ለእንግዶቹ የወጡን ሽታ ብቻ ያደርሳቸዋል።

ወላጅ እዚህ ላይ «ስለዚህ ቃል ይከበራል» ብሎ ቢደመድም ከልጁ አፍ ጉርሻ እንደ መንጠቅ ነው። ሽታውን ከእሳቱ ጋር የሚያገናኘው ክር የልጁ ነው። «ዳኛዋ አንቺ ብትሆኚስ?» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል።

ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት የአሜሪካ ጥናት፣ የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡ ክፍት ጥያቄ የሚጠይቁና የልጃቸውን መልስ የሚያሰፉ ወላጆች ልጆች በአንድ ወር ውስጥ በንግግር ችሎታ ብልጫ አሳይተዋል። ጥናቱ የቃል ተረትን አይመለከትም፤ የፈተነው ምልልስ ግን የእኛ ተረት ከመነሻው የሚጠይቀው ነው።

በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ይነግሩ የነበሩት አባባ ተስፋዬም «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ በየሳሎኑ ያሉ ልጆች አጸፋውን ይመልሱ ነበር፤ መስኮቱ ባይሰማቸውም ሰላምታው ቦታ ትቶላቸዋል። ዛሬ በስልክ የሚለቀቅ ተረት ብዙውን ጊዜ መልስ ሳይጠብቅ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

ስለዚህ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ምሽት ተራኪነቱን ለልጁ መልቀቅ ያስፈልጋል። ተራራውን የጎረቤት ፎቅ፣ እሳቱን የመንገድ መብራት ቢያደርገው አይታረም፤ የቃል ተረት የኖረው እንዲህ ከአፍ አፍ እየተለወጠ ነው። ሲጨርስም ዳቦ መቁረሱ የወላጅ ተራ ይሆናል።