ብርድ ወዳዱ ዓሣ ወደ አገራችን የመጣበት ታሪክ

የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ የሚያስተምረው አያሻውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ወርዶ ባቄላውን ሲያጠወልግ፥ ሣሩም በማለዳ ነጥቶ ሲታይ፥ ከዚህ የባሰ ብርድ ወዴት ይገኛል ያሰኛል። ነገር ግን የበሬሳ ወንዝ ሰው የሚሸከም በረዶ አይሠራም። በካናዳ ሐይቁ በክረምት ረግቶ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር (ክረምት ማለታቸው የዝናቡን ሳይሆን የብርዱን ወራት ነው)፥ አጥማጁ በላዩ ቆሞ በረዶውን በመሰርሰሪያ ፈልፍሎ መንጠቆውን ይሰዳል።

የሚፈልገውም የሐይቅ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ በበጋ ሙቀትን ሸሽቶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ በብርድ ወራት ግን ውሃው ሁሉ ስለሚቀዘቅዝለት ወደ ዳርም ቀርቦ ይገኛል። ውሃ እጅግ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሳለ ነው፤ ከዚያ አብልጦ የቀዘቀዘው ወደ ላይ ይወጣልና ሐይቁ ከላይ ረግቶ ከታች ሕይወት ይኖርበታል።

እንግዲህ የትራውት ወገን በብርዳሙ ሸዋ ስለ ምን አልተገኘም? ብርድ ብቻውን አይበቃም፤ መንገድም ያስፈልጋል። በሬሳ ወደ ጀማ፥ ጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ነገር ግን የቆላውና የሱዳን በረሃ የሞቀ ውሃ ለዚህ ዓሣ የማይታለፍ ግንብ ነው። ከአንኮበር ገደል ወደ ምሥራቅ የሚወርደውም ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። ስለዚህ በአፍሪካ የትራውት የተፈጥሮ መኖሪያ በሰሜን ጫፍ በአትላስ ተራሮች ያበቃል።

ከዚያ ወዲህ ያሻገረው ሰው ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 የትራውት እንቍላል ከስኮትላንድ ወደ ኬንያ ተወሰደ። ከኬንያም በ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት ግድም ወደ ባሌ መጥቶ፥ በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቅቆ ተራባ።

ይህን የሰማ የአገሬ ሰው «ለበሬሳስ ስለ ምን አይመጣም?» ቢል አልፈርድበትም፤ እኔም ብዬዋለሁ። በአሜሪካ የሎውስቶን ሐይቅ የሆነውን ካነበብሁ በኋላ ግን አመነታሁ። በዚያ ሐይቅ እንግዳው የሐይቅ ትራውት በ1994 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ተገኘ፤ ማንም ሳይፈቅድ የጨመረው ሰው ነበር። የአገሩን ትራውት እየዋጠ አሳነሰው። የአገሩ ትራውት ለመራባት ወደ ጅረት ሲወጣ ድብ ይበላው ነበር፤ እንግዳው ግን ከጥልቁ አይወጣምና ድቡ ሲሳዩን አጣ። መንግሥትም በሚሊዮን የሚቈጠረውን በመረብ አወጣ፤ ዘሩ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።