የቤተ ክርስቲያን ደን

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎችና ገዳማት ዙሪያ ተጠብቆ የኖረ የአገር በቀል ዛፎች ደን። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም፣ ዙሪያው ታርሶና ተግጦ ባለቀበት ምድር፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ የተረፉት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ውስጥ ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሄክታር አይበልጥም።

የጥበቃው ሥር ሃይማኖታዊ ነው። ቅድስናው በመቅደሱ ካለው ታቦት ተነሥቶ በቅድስቱና በቅኔ ማኅሌቱ አልፎ እስከ ዐጸዱ ዳርቻ ይዘልቃል፤ ዛፎቹ የሕንጻው ልብስ፣ ዐጸዱም የገነት አምሳል ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአትም ነው። መናኞች ይጠለሉበታል፤ ሙታን ያርፉበታል፤ የአብነት ተማሪዎች ጎጆ ይቀልሱበታል። ደኑን ለዘመናት ያቆየው ከየትኛውም የመንግሥት ደንብ ይልቅ ይህ ፍርሃትና ፍቅር መሆኑ ሊታወቅለት ይገባል።

ዛሬ ደኑን የሚጎዳው የከብት ግጦሽ፣ የእርሻ መስፋፋትና በጠርዙ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ነው። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ያስፋፋው መፍትሔ ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ደኑን በካብ ማጠር ነው፤ ከብት ሲከለከል ችግኝ ከሥር ይነሣል።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭም፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በጌዴኦ የተቀደሱ ደኖች በሽማግሌዎች ሥርዓት ይጠበቃሉ፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።