በአነስተኛ በጀት የቤት ቴአትር ድምፅ ማጉያ ሲመረጥ

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞም ሆነ በጎፋ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ቴሌቪዥኑ እየሳሳ ሲሄድ ድምፁም አብሮ ሳስቷል። ስስ ቴሌቪዥን ለደህና ድምፅ ማጉያ የሚሆን ቦታ የለውም። ይህን ለማሟላት ገበያ የሚወጣ ሰው በቅድሚያ የሚገጥመው የቃላት መምታታት ነው። በኢትዮጵያ «ሪሲቨር» ሲባል የሚታወሰው የሳተላይት ዲሽ መቀበያ ነው፤ በቤት ቴአትር ግን ድምፁን ተቀብሎ፣ አጉልቶ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለው አምፕሊፋየር ማለት ነው።

ገዢን በብዛት የሚያሳስተው የዋት ቁጥር ነው። በካርቶን ላይ በጉልህ የሚጻፈው «ፒኤምፒኦ» ወጥ መለኪያ የሌለው፣ ለቅጽበት ይደረስበታል የሚባል ግምት ነው፤ መታየት ያለበት «አርኤምኤስ» የሚለው ነው። እርሱ ከሌለ ከዕቃው ጀርባ ያለውን የኃይል ፍጆታ ማንበብ ይቻላል። ከ220 ቮልት መስመር 60 ዋት የሚወስድ መሣሪያ 3000 ዋት ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም። ይኸው ቁጥር በፀሐይ ኃይል የሚጠቀም አርሶ አደርም ባትሪው ምን ያህል እንደሚያቆየው ለመገመት ይረዳዋል።

«5.1» የሚባለው አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር ነው። አነስተኛ በጀት ለስድስት ሲከፋፈል ጥራቱ ይሳሳል። በዲሽ የሚገባው ድምፅም በአብዛኛው በሁለት መስመር ስለሚተላለፍ ለኋላ ስፒከሮች የተለየ ድርሻ አይተርፍም። ስለዚህ ለጠባብ ሳሎን ሁለት ደህና ስፒከሮችና ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር ይሻላሉ። አምፕሊፋየሩ ከ8 ኦም በታች እንዳይገናኝ ከተጻፈበት 4 ኦም ስፒከር ማገናኘት ያግለዋል፤ ሊያቃጥለውም ይችላል። የቴሌቪዥኑ የድምፅ መውጫ ቀይና ነጭ መሰኪያ፣ ኦፕቲካል ወይስ ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ መሆኑን ቤት አይቶ መሄድም መመላለስን ያስቀራል።

በሱቅ ውስጥ ሻጩ የሚከፍተው ጩኸት ብዙ አይናገርም። ገዢው በስልኩ የዜና ንባብና ከበሮ ያለበት ዘፈን ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። ቃላቱ ጥርት ብለው ካልተሰሙ፣ ወይም የከበሮው ምት ተድበስብሶ አንድ ጉምጉምታ ከሆነ ዕቃውን መተው ነው። መብራት ሲጠፋ መሰኪያውን መንቀል፣ ቢቻል ስታብላይዘር መጠቀም ደግሞ የተገዛውን ያቆያል።

ሳብዉፈር በመጨረሻ ሊገዛ የሚችል ነው፤ ለጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪም አነስተኛው ይበቃል። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ሲያግደው ወፍራሙ ብሎኬትና ወለል አልፎ ጎረቤት ይደርሳል። የአገሪቱ የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ሲሆን ሌሊቱ የሚቆጠረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠ ሳብዉፈር ድምፁ ይበልጥ ይወፍራል። ጆሮ ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ለይቶ ስለማያውቅ፣ ከጥግና ከጎረቤት ግድግዳ አርቆ፣ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ አንጥፎ ማስቀመጥ ለአድማጩ የሚያጎድልበት ነገር የለም።