አሰብ፤ ወደቡና ምድሩ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰንዳፋና በደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚያልፈው ጐዳና፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ታጥፎ እስከ አሰብ ያደርስ ነበር። የአሰብን አስተዳደር ታሪክ የሚመረምር ሰው ወደቡንና ምድሩን ለይቶ ማየት ይገባዋል፤ ሁለቱ ዘወትር በአንድ እጅ አልነበሩምና።

በ1862 ዓ.ም. ጁሴፔ ሳፔቶ የአሰብን ዳርቻ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ገዛ። የኢጣልያ መንግሥት ከኩባንያው የተረከበው በ1874 ዓ.ም. ነው።

በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን ስትጣመር አሰብ በኤርትራ ወሰን ውስጥ ነበረ። ይሁን እንጂ የፌዴሬሽኑ ሕግ የውጭ ንግድንና ወደቦችን ለፌዴራሉ መንግሥት፣ ይኸውም ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ ሰጠ። እንግዲህ አዲስ አበባ ምድሩን ከማስተዳደሯ አስቀድሞ ወደቡን አስተዳደረች ማለት ነው። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ይህ ልዩነት ቀረ።

በ1980 ዓ.ም. አዲሱ ሪፐብሊክ አሰብን ከኤርትራ ነጥሎ ለብቻው ራስ ገዝ አደረገ። የአፋርን ሕዝብ በአንድ አስተዳደር መሰብሰብ አንዱ ምክንያት ነበረ ቢባል አልቃወምም፤ ነገር ግን ምናልባት ኤርትራ ብትለይ እንኳ ወደቡ አብሮ እንዳይሄድ የታሰበበት ይመስለኛል። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1983 ዓ.ም.፣ ወደቡም ምድሩም በኤርትራ እጅ ገባ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡርም መነሻው በሰንዳፋ በኩል ሳይሆን በሰበታ ሆነ።