መንጠቆ ማቆያ (የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ)

መንጠቆ ማቆያ በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ለማጥመድ በሚያገለግል ዘንግ ላይ፣ ከእጀታው ጥቂት ከፍ ብሎ የሚታሰር ትንሽ የሽቦ ቀለበት ነው። አጥማጁ ክሩን በማይወረውርበት ጊዜ፣ ለምሳሌ በወንዝ ዳር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲሄድ፣ የዝንቡን መንጠቆ በዚህ ቀለበት ላይ ያንጠለጥላል። እንዲህ ሲደረግ መንጠቆው እየተወዛወዘ ሰውን አይወጋም፤ ልብስና ቁጥቋጦም አይዝም፤ ክሩም አይተበተብም። መሪ ክሩ ረጅም ሲሆን ግን ብዙ አጥማጆች ይህን ቀለበት ትተው ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ቦታ ይመርጣሉ።

የዘንጉና የክሩ ክፍሎች

ጉዳዩን ለመረዳት የሚከተሉትን ክፍሎች ማወቅ ያስፈልጋል።

- ዝንብ፦ ላባ፣ ፀጉርና ክር በመንጠቆ ላይ ተጠቅልሎ ነፍሳትን ወይም ትንንሽ ዓሦችን እንዲመስል የሚሠራ ማታለያ ነው። ክብደቱ እጅግ አነስተኛ ነው።
- ዋና ክር፦ በፕላስቲክ የተለበጠ ወፍራም ክር ነው። በሚወረወርበት ጊዜ ዘንጉን የሚያጎብጠውና ዝንቡን ይዞ የሚሄደው የዚህ ክር ክብደት ነው።
- መሪ ክር፦ በዋናው ክርና በዝንቡ መካከል ያለ፣ ዓሣው በቀላሉ የማያየው ቀጭን ክር ነው። ብዙ ጊዜ ከናይለን ይሠራል። የተለመደው ርዝመቱ 2.7 ሜትር ገደማ ሲሆን በጠራና በረጋ ውኃ 3.6 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል።
- የክር ቀለበቶች፦ በዘንጉ ላይ በተርታ የታሰሩ፣ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ናቸው። የመጨረሻው የጫፍ ቀለበት ይባላል።
- መጠቅለያ፦ ከእጀታው በታች የሚገጠም፣ ክሩ የሚጠቀለልበት መሣሪያ ነው።

አሠራር

መንጠቆ ማቆያው አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ክብ ወይም በቅንፍ መልክ ከተጎበጠ ቀጭን ሽቦ ይሠራል። አንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ቀለበት አለው። እግሮቹ በዘንጉ ላይ በክር ይጠቀለላሉ፤ ክሩ ደግሞ በቫርኒሽ ወይም በኢፖክሲ ይቀባል። መንጠቆ ማቆያ ለሌላቸው ዘንጎች በላስቲክ የሚታሰሩና የሚነቀሉ ማቆያዎች ይሸጣሉ።

የመሪ ክር ርዝመት ችግር

በሰው ሠራሽ ዝንብ ሲጠመድ የመወርወሪያው ክብደት ያለው በዋናው ክር ውስጥ ነው። ስለዚህ ለመወርወር ዋናው ክር ከጫፍ ቀለበቱ ውጭ መሆን አለበት። መንጠቆው ከእጀታው አጠገብ ባለው ማቆያ ላይ ተሰክቶ ክሩ ሲጠበቅ ይህ ሁኔታ ይበላሻል።

ለምሳሌ 2.7 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ እንውሰድ። ከጫፉ እስከ መንጠቆ ማቆያው ያለው ርቀት 2.4 ሜትር ገደማ ነው። መሪ ክሩ 2.7 ሜትር ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትር ያህሉ በጫፍ ቀለበቱ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። መሪ ክሩ 3.6 ሜትር ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባው 1.2 ሜትር ነው። በሁለቱም ሁኔታ መሪ ክሩና ዋናው ክር የተያያዙበት ቋጠሮ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ይቀራል።

አጥማጁ እንደገና መወርወር ሲፈልግ ቋጠሮውን በእጁ ስቦ ማውጣት ይኖርበታል። ቋጠሮው በጫፍ ቀለበቱ ላይ ሊያዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ መሪ ክሩን ወደ እጀታው አቅጣጫ በኃይል መሳብ የዘንጉን ቀጭን ጫፍ ከልክ በላይ ያጎብጠዋል፤ ሊሰብረውም ይችላል። ክሩ ሲያዝ ዘንጉን አስተኝቶ፣ በጫፉ በኩል ክሩን ከዘንጉ ጋር በቀጥታ መስመር መሳብ ይሻላል።

መሪ ክሩን በመጠቅለያው ዙሪያ ማዞር

ይህን ችግር ለማስቀረት የሚከተለው ዘዴ በሰፊው ይሠራበታል።

1. ቋጠሮው ከጫፍ ቀለበቱ ውጭ ሆኖ ዝንቡ በእጅ ይያዛል።
2. መሪ ክሩ በዘንጉ ጎን ወደ ታች ወርዶ በመጠቅለያው ጀርባ ይዞራል።
3. መንጠቆው ወደ ላይ ተመልሶ ከእጀታው በላይ ካሉት የክር ቀለበቶች በአንዱ እግር ላይ ይሰካል።
4. የረገበው ክር ቀስ ተብሎ ይጠቀለላል። ክሩ መንጠልጠሉን ሲያቆም ይበቃል።

ከላይ በተጠቀሰው ዘንግ ላይ ክሩ ከጫፉ እስከ መጠቅለያው 2.6 ሜትር ገደማ ይወርዳል። መንጠቆው ከመጠቅለያው 65 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ባለው የመጀመሪያው ቀለበት ላይ ቢሰካ አጠቃላይ ርዝመቱ 3.25 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 2.7 ሜትር የሆነ መሪ ክር ሙሉ በሙሉ ውጭ ይቀራል፤ ግማሽ ሜትር ያህል ዋና ክርም አብሮት ይወጣል። ለ3.6 ሜትር መሪ ክር መንጠቆውን ከዚያ በላይ ባሉት ቀለበቶች ላይ መስካት በቂ ነው። ለመወርወር ሲፈለግ ክሩ ከመጠቅለያው ጀርባ ተላቆ መንጠቆው ይነቀላል፤ ዋናው ክርም ከጫፉ ውጭ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል።

መንጠቆ የማይሰካባቸው ቦታዎች

- የቡሽ እጀታ፦ መንጠቆን በቡሽ ላይ መውጋት ቀላል ቢሆንም እጀታውን ይበሳሳዋል፤ በጊዜ ብዛትም ቡሹ ይፈረፈራል።
- የክር ቀለበት ውስጠኛ ክፍል፦ ከእጀታው የሚቀርበው ቀለበት ብዙ ጊዜ የሴራሚክ ሽፋን አለው። መንጠቆው ሴራሚኩን ከቧጨረው ወይም ከሰነጠቀው ሸካራው ቦታ በየውርወራው ክሩን ይልጠዋል። ስለዚህ መንጠቆው በቀለበቱ የብረት እግር ላይ መሰካት አለበት።

ክሩን ከመጠን በላይ ማጥበቅም ጎጂ ነው። የዘንጉ ጫፍ ጎብጦ መቆየት የለበትም፤ በተለይ የቀርከሃ ዘንግ ለረጅም ጊዜ ከጎበጠ ጠምሞ ሊቀር ይችላል።

የደኅንነት ጥንቃቄ

ያልታሰረ መንጠቆ ትልቁ አደጋው በዓይን ላይ ነው። ሁለት ዝንብ በአንድ ክር ላይ ሲታሰር አንዱን ብቻ መስካት በቂ አይደለም፤ ሁለተኛው ተንጠልጥሎ እጅን ወይም ፊትን ሊወጋ ስለሚችል ለየብቻ ይሰካሉ። መነጽር ማድረግ፣ እንዲሁም በመንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ በፒንሳ መጫን ጉዳቱን ይቀንሳል። እሾህ የሌለው መንጠቆ ከቆዳም ሆነ ከዓሣ አፍ በቀላሉ ይወጣል።

መንጠቆ በዓይን ወይም በዓይን አካባቢ ከገባ መንቀል አይገባም። ዓይኑን ሳይጫኑ ከልሎ ተጎጂውን በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

በጫካ ውስጥ ሲኬድ ዘንጉን ጫፉን ወደ ኋላ አድርጎ መያዝ የተለመደ ነው። ይህም ጫፉ ከመሬት ወይም ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ እንዳይሰበር ይረዳል። ረጅም መንገድ ለመሄድ ወይም መኪና ውስጥ ለመግባት ግን ዝንቡን ፈትቶ በሳጥኑ ማስቀመጥ ይመረጣል። እርጥብ ዝንብ መንጠቆው እንዳይዝግ አስቀድሞ መድረቅ አለበት።

ታሪክ

በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ ከመጠቅለያ በፊት የነበረ ጥበብ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያኑስ እ.ኤ.አ. በ200 ዓ.ም. አካባቢ መቄዶንያውያን በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና ላባ እያሰሩ ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፏል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1496 በታተመ አንድ ድርሳን ውስጥም የዝንብ አሠራር ተዘርዝሯል። በእነዚያ ዘመናት ክሩ በቀጥታ ከዘንጉ ጫፍ ጋር ይታሰር ነበር። በእንግሊዝ መጻሕፍት መጠቅለያ መጠቀስ የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ቴንካራ የተባለው የጃፓን ዘዴ እስከ ዛሬ ያለ መጠቅለያ ይሠራል። ክሩ ከጫፉ ጋር ስለሚታሰር አጥማጁ ቦታ ሲቀይር ክሩን በዘንጉ ላይ በተገጠሙ ሁለት ትንንሽ ማቆያዎች ዙሪያ ይጠቀልለዋል፤ ወይም በትንሽ ክብ መጠቅለያ ላይ ያስቀምጠዋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሐይቆች ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ በአብዛኛው በመረብ ስለሚያዝ ይህ ዓይነት ዘንግ እምብዛም አይታወቅም። በባሌ ተራሮች ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ትራውት የተባለ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ እንደ ዌብ ባሉ ወንዞች ተለቅቋል። ትራውት በሰው ሠራሽ ዝንብ ከሚጠመዱት ዓሦች ዋነኛው ነው።