ነፋስ መውጫና ጭስ መውጫ

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ይሄን ነገር ያውቀዋል። የፎገራን ሜዳ እስኪጨርሱት ድረስ ሙቀቱ ያስጨንቃል። ላቡ፣ ቅቤው፣ እግሯ ታስራ ከወንበር ሥር የተኛችው ዶሮ፣ ሁሉም በየሽታው ይቀላቀላል። አንድ ደፋር ይነሳና መስኮቱን ገፋ ያደርገዋል። ወዲያው ከኋላ፣ «ኧረ ወንድም ዝጋው፣ ብርድ ሊመታን ነው!» ይላሉ አንድ አዛውንት። «ልጅ ይዣለሁ እኮ!» ትላለች ሌላዋ። ደፋሩ ይሸነፋል። ስልሳ ሰው እርስ በርሱ ትንፋሽ እየተበዳደረ ዓለም በርን ያልፍና ዳገቱን ይያያዘዋል።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ «መስኮት ክፈቱ» ተብለን ነበር። ፈርተን ከፈትን። ወረርሽኙ ጋብ ሲል መልሰን ዘጋን። የሳንባ ነቀርሳ በታፈነ አየር ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተጽፎ እያየን፣ ብርድን እንጂ የታፈነ አየርን አንፈራም።

ታዲያ በየከተማው የኤሌክትሪክ ሱቅ በር ላይ የመስኮት ቬንትሌተር ተደርድሮ ሲያይ፣ ቤት የሠራ ሁሉ «የትኛው ይሻለኛል?» እያለ መጠየቁ ደግ ምልክት ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድመዋል። ምን እንዲያደርግልን ነው የምንገዛው? እንዲያቀዘቅዘን ነው ወይስ እንዲያስተነፍሰን?

ለወረታና ለአዲስ ዘመን ሰው ማቀዝቀዝ ትርጉም አለው፤ ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ የበጋው ቀን ይሞቃል። ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ላይ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጉናን ተደግፋ የተቀመጠች ናት። እዚያ ማታ ማታ የሚፈለገው ጋቢ እንጂ ቬንትሌተር አይደለም። ቀን የቆርቆሮ ጣራ ቢግል እንኳ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበርዳል። ስለዚህ ለደጋ ሰው የማቀዝቀዙ ነገር ይቅር። የማስተንፈሱ ነገር ግን አይቀርም። እሱ ደግሞ የሱቅ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ጉዳይ ነው።

በደቡብ ጎንደር፣ ላይ ጋይንት ውስጥ፣ ነፋስ መውጫ የምትባል ከተማ አለች። አገሩ ለነፋስ መውጫ አበጅቶ ከተማ ሰይሞለታል። ለጭስ መውጫ ያበጀ ቤት ግን በዚያው አገር ፈልጋችሁ አታጡ ይሆናል እንጂ በቀላሉ አታገኙም። «ጭስ መውጫ አያጣም» የሚል ተረት አለን። ማን ነው የተረተው? መቼም ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ የምትጋግረዋ ሴት አትሆንም።

እርግጥ የድሮው ጎጆ እንደምንንቀው ዝም ብሎ የታፈነ ቤት አልነበረም። ግድግዳው በጭቃና በእበት ተለስኖ ነፋስ አያስገባም፤ ክዳኑ ግን ሳር ነው። ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉልላቱ ሥር ይጠራቀማል፣ ከዚያ በሳሩ መሃል ቀስ እያለ ይሾልካል። ጠዋት ጠዋት ጎጆዎች ሁለመናቸው ሲጨስ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጭሱም ሲያልፍ በነፃ አያልፍም። ማገሩንና ወራጁን ከምስጥ ይጠብቃል፣ ሳሩን ያደርቃል፣ ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለውን ዘር ከነቀዝ ያድናል። ቤቱ በጭስ ዕድሜ ያገኝ ነበር። የሰውየዋ ዕድሜ ግን ሌላ ሒሳብ ነው።

ጭስ በቋንቋችንም ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ትዳር መያዝ «ጎጆ መውጣት» ነው፤ ቤተሰብ መመሥረት «ሦስት ጉልቻ» ነው። ርስት የሌለው፣ በሌላ ሰው መሬት ላይ እሳት አንድዶ የሚኖረው ገበሬ «ጭሰኛ» ይባል ነበር። በቤጌምድርና በጎጃም ርስት የሰፋ ስለነበር ስሙ ይበልጥ የከበደው በደቡቡ አገር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረው። የአባወራው ጭሰኝነት በአዋጅ ተሻረ፤ የእማወራዋ ግን አልተሻረም፣ እሷ ዛሬም ከጭሱ ጋር ናት። አንድ ደግ ጭስ ቢኖረን ጢስ ዓባይ ነው። በ1950ዎቹ እዚያ የተሠራው የኃይል ማመንጫ ከጢሱ መብራት አውጥቷል።

እንግዲህ «መስኮት የሚባለውን አናውቅም ነበር» እንዳትሉ። ቃሉ ራሱ የግዕዝ ነው። ኖኅ ቁራውንና ርግቧን የላከው በመስኮት ነው። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ የአክሱም ዓይነት የመስኮት ክፈፍ ከአለት ተፈልፍሏል፤ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ ብርሃን ማስገቢያም አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገነባው የፋሲል ግንብ መስኮት በቀይ ድንጋይ ቅስት ተሸልሟል። መስኮት ነበረን ማለት ነው። ነገር ግን የእግዚአብሔር ቤትና የንጉሥ ቤት ነበረው፤ የገበሬ ቤት አልነበረውም።

ለምን? የአብነት መምህራን እንደሚፈቱት እንፍታው። አንድም ብርድ ነው፤ በጉና ሥር ግድግዳ መብሳት ሙቀት ማፍሰስ ነው። አንድም ጅብና ሌባ ነው። አንድም ጦር ነው፤ ሠራዊት ባለፈ ቁጥር ለሚቃጠል ቤት ማን ይለፋል? ደብረ ታቦር ለዚህ ምስክር ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ራስ ጉግሣ መናገሻ አደረጓት፣ ራስ አሊ ተቀመጡባት፣ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊ ሲሸነፉ ዕጣዋ በካሣ እጅ ገባ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከበሩባት፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሱ ደግሞ ራሳቸው አቃጠሏት። በኋላ ዐፄ ዮሐንስ መጡ፤ በ1872 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጎርደን ሊያነጋግራቸው የመጣው እዚያው ደብረ ታቦር ነው። በእንዲህ ያለ አገር ሰው ለቤቱ በር እንጂ መስኮት አያስብም፤ በሩም መሸሺያው ነው።

የሚገርመው ግን በዚያው ዘመን፣ ከከተማይቱ አጠገብ፣ ስለ አየር ጠልቆ የሚያስብ ሰው ነበር። ጋፋት ላይ። ከስዊዘርላንዱ የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት እነ ዋልድማየርና ሳልሙለር፣ ከእነሱም ጋር እነ ሞሪትዝ ሃል፣ በቴዎድሮስ ትእዛዝ መድፍ ሠሪ ሆኑ። ነሐስ የሚቀልጠው 950 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ወናፍ ካላናፉለት፣ አየሩ መግቢያ ጭሱም መውጫ ካልተበጀለት፣ እሳት እዚያ አይደርስም። ከብዙ ሙከራና ክሽፈት በኋላ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ድረስ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ።

ስለ ሴባስቶፖል ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው ትንሽ ነገር ነው። ለመድፉ ምድጃ አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ ታሰበለት። ከዚያ ጥቂት ርቀት ላይ ለሠራተኛው እንጀራ የሚጋገርበት ምድጃ ግን ሦስት ጉልቻ እንደ ነበር ቀረ። ዕውቀቱ በደጃችን ነበር፣ ወደ ጓዳ አልገባም። ደግሞስ ወናፍ የሚያናፋውን ጠይብ «ቡዳ» እያለ የሚሸሽ ኅብረተሰብ የወናፍን ጥበብ ከማን ይማራል?

ጭሱ ጥቅም አልነበረውም ማለት ግን ግፍ ነው፤ በተለይ የብራና ወዳጅ ለሆነ ሰው። የብራና መጻሕፍቶቻችን ጥቁር ቀለም ከጥቀርሻ ነው የሚቀመመው። የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ሁለቱም በደቡብ ጎንደር ናቸው። ከእናቶቻችን ድስትና ምጣድ ሥር የተፋቀው ጥቀርሻ የያሬድን ምልክት ጽፏል። በዚያ እንኮራለን። ግን ድስቱ ላይ ከቀረው ይበልጥ በሳንባ ውስጥ የገባው ብዙ ነው፤ እሱን የጻፈው የለም።

ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ፣ እዚያው ዘመን ከገባው ባሕር ዛፍ ጋር ተጋብቶ፣ ቀስ በቀስ አገር አዳረሰ። ዛሬ የፋርጣ ገበሬ ባሕር ዛፉን ሸጦ መጀመሪያ የሚገዛው ቆርቆሮ ነው። ክዳን በየጊዜው ማደስ ቀረ፣ የእሳት ሥጋት ቀነሰ፣ ማዕረግም ሆነ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ማንም ልብ አላለም፤ ሳር ይተነፍሳል፣ ቆርቆሮ አይተነፍስም። ጎጆው በጣራው ሁሉ ያወጣው የነበረውን ጭስ አዲሱ ቤት ቆልፎ ያዘው። ከሥሩ ኮርኒስ ሲመታበት ደግሞ ባሰ። ቤቱ ሲሠለጥን መስኮት አብሮ መሠልጠን ነበረበት። መስኮትስ ወጣ፤ ግን የት? ሳሎን ላይ፣ ወደ መንገድ፣ ሰው እንዲያየው። ማድ ቤቱ ከጓሮ በአሮጌ ቆርቆሮ ተለጥፎ በር ብቻ ይዞ ቀረ። ቤት የሚያሠራው አይጋግርም፣ የምትጋግረዋ አታሠራም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ዋጋው ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። በጀርባ ታዝለው የጭሱን ድርሻ የሚካፈሉት ማለት ነው። ሴትዮዋ ስታስል «ብርድ መቷት ነው» እንላለን። ሃምሳ ዓመት ኩበት ሲጨስባት ኖሮ ጥፋተኛው ብርድ ሆነ!

አሁን ወደ ቬንትሌተሩ እንመለስ። ቬንትሌተር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወናፍ ነው፤ ስሙን ከውጭ ወሰድነው እንጂ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ለደጋ ቤት የሚገዛ ሰው አራት ነገር ልብ ይበል።

አንደኛ፣ አቅጣጫው። ማድ ቤት ላይ የሚገጠም ወደ ውጭ የሚስብ መሆን አለበት፤ ወደ ውስጥ የሚነፍስ ከሆነ ጭሱን ወደ መኝታ ቤት ይነዳዋል። ሁለተኛ፣ ቦታው። ጭስ ትኩስ ነውና ወደ ላይ ይወጣል፣ ቬንትሌተሩም ከፍ ብሎ ይሰቀል። ሦስተኛ፣ መግቢያው። አየር ሳይገባ አይወጣም። በሩንም መስኮቱንም ጠርቅሞ ቬንትሌተር ማዞር ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው፤ በትይዩ በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ ክፍት ቦታ ይኑር። አራተኛ፣ መጠኑ። ማድ ቤቱ 3 በ4 ሜትር ሆኖ ከፍታው 2.5 ሜትር ቢሆን 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ያን አየር በሰዓት ከ10 እስከ 15 ጊዜ ለመለወጥ በሰዓት ከ300 እስከ 450 ሜትር ኩብ የሚስብ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ ይጻፋል፤ ቀለሙን ሳይሆን ቁጥሩን እዩ።

«መብራት ይበላል» የሚል አይጠፋም። 50 ዋት የሚወስድ ቬንትሌተር 70 ሰዓት ቢሠራ የሚበላው፣ 3,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚበላውን ያህል ነው። ችግሩ መብራቱ መብላቱ ሳይሆን መጥፋቱ ነው። መብራት ሲጠፋ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ብርድ ነው ተብሎ በር ይዘጋል፣ ቬንትሌተሩም ቆሟል። የከሰል መርዝ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ስለዚህ ቬንትሌተር የመስኮት ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። መጀመሪያ ግድግዳው ይበሳ። ቬንትሌተር የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ሰው ማድ ቤቱ ላይ ትይዩ ሁለት ቀዳዳ፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች ቢያወጣ፣ ግማሹን መንገድ ሄደ ማለት ነው። ምርጥ ምድጃ ቢጨምርበት ደግሞ እንጨቱም ጭሱም ይቀንሳል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር እየተረትነው ኖረናል። ስለ ወጡ ከሆነ ልክ ነው። ተረቱ የበላተኛ ነውና የሚያወራው ስለ ጣዕም ብቻ ነው። ወጥ ሠሪዋን ቢጠይቋት ኖሮ፣ ጉልቻው ሲለወጥና ግድግዳው ሲበሳ ወጡ ባይጣፍጥም ዓይን እንደሚተርፍ ትነግረን ነበር። እንግዲህ ቤት የምታሠሩ፣ አናጢው የመስኮቱን ልክ ሲጠይቃችሁ ከሳሎኑ በፊት ወደ ጓሮ ውሰዱት። ልኩንም እሷ ትንገረው።