ኅዳር ሲታጠን

ኅዳር ለአርሶ አደር ቤተሰብ ፋታ የሌለው ወር ነው። ጤፍ ሲታጨድ የቤት እመቤቷ እንጀራ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ ለአጫጆች ማሳ ድረስ ታደርሳለች፤ አውድማውንም ብዙ ጊዜ በእበት የምትለቀልቀው እሷው ናት።

በ1911 ዓ.ም. በዚሁ በሥራ ወር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አገራችንን መታ፤ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» አለው። ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። በአዲስ አበባ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ቤተሰቡ በሙሉ በተኛበት ቤት ውኃ የሚቀዳ፣ እሳት የሚያነድ አልነበረም።

ኅዳር 12 ቀን ግቢ ተጠርጎ ቆሻሻ የሚቃጠለው ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ይነገራል። (እሳቱ ከነዶ ክምር ቢርቅ፣ የሚበሰብሰውም ለኮምፖስት ጉድጓድ ቢቀር ይመረጣል።) ጠረጋው ግን ዛሬም የሚወድቀው ምሳ ይዛ ማሳ በምትመላለሰው እናት ላይ ነው።